አዲስ መሣሪያ ሲታወጅ የመተግበሪያ አበልጻጊዎች እንዴት ይወያዩ፣ እንዴትስ ይወስኑ?

አንድ ኩባንያ አዲስ ስልክ፣ ሰዓት ወይም መነጽር ባስተዋወቀበት ምሽት አበልጻጊዎች ተሰባስበው የሚያነሡት ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ገዢዎች ከሚያነሡት አይለይም። ዋጋው ተወደደ ወይስ ተመጣጠነ፣ ቅርጹ ያምራል ወይስ ያስጠላል፣ ካሜራው ካለፈው ዓመት ይሻላል ወይስ ያው ነው ይባባላሉ። ጨዋታው እንደ ጨዋታ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ የሚሠራውን ሥራ አይነግርም። ለአበልጻጊ ዋናው ጥያቄ የመሣሪያው ባለቤት የሆነው ኩባንያ የሌላ ሰው መተግበሪያ በዚያ መሣሪያ ላይ ምን እንዲሠራ ይፈቅዳል የሚለው ነው። መሣሪያው ራሱ በሚችለውና ለእኛ በተፈቀደው መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ እጅግ ሰፊ ነው፤ ውይይቱም መዋል ያለበት በዚያ ልዩነት ላይ ነው።

የሚከተለው መመሪያ በተለይ የታሰበው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሆነው አንድ መተግበሪያ ይዘው ለሚሠሩ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ነገር የተለየ ባለሙያ መመደብ ለማይችሉ ቡድኖች ነው። የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ማስታወቂያው በሥራችን ላይ ምን እንደሚያመጣ መለየት

ከሁሉ አስቀድሞ የታወጀው ነገር አሁን ባለን መተግበሪያ ላይ ሳንጠየቅ የሚወድቅ ግዴታ ነው፣ ብንፈልግ የምንጨምረው ነገር ነው፣ ወይስ ፈጽሞ አዲስ የመሣሪያ ዘር ነው የሚለው ይለይ። ብዙ ቡድኖች ጉልበታቸውን በሦስተኛው ላይ ሲያፈሱ የመጀመሪያው ያመልጣቸዋል፤ መድረክ ላይ የሚያበራው ሦስተኛው ነውና።

ግዴታው ምን እንደሚመስል ለማየት አይፎን ኤክስን ማስታወስ በቂ ነው። ስልኩ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2017 ሲታወጅ የስክሪኑ አናት ለካሜራና ለሴንሰሮች ሲባል መሐሉ ላይ ተቆርጦ፣ ማዕዘኖቹ ክብ ሆነው፣ የፊት ቁልፉ ጠፍቶ ቀረበ። ኖቬምበር 3 ቀን ገበያ ላይ ዋለ፤ በመካከሉ የነበረው ጊዜ ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። በአዲሱ ኤስዲኬ (ኩባንያው ለአበልጻጊዎች በሚሰጠው የመተግበሪያ መሥሪያ ጥቅል) ያልተዘጋጀ መተግበሪያ ከላይና ከታች በጥቁር ቦታ ታጥሮ ይከፈት ስለነበር፣ ባለቤቱ ምንም ሳያደርግ በአንድ ሌሊት ያረጀ መሰለ። «ይህ ስልክ ለእኛ ተጠቃሚዎች ገና ሩቅ ነው» ብሎ መተውም ብዙ አላስኬደም፤ አፕል ከአፕሪል 2018 ጀምሮ አዳዲስ የአይፎን መተግበሪያዎች፣ ከጁላይ ጀምሮ ደግሞ የነባሮቹ ማሻሻያዎች ለዚያ ስክሪን የተዘጋጁ እንዲሆኑ ግዴታ አደረገ። የመሣሪያው ባለቤት በቁጥር ጥቂት ቢሆንም እንኳ ደንቡ የሁሉንም በር እንደሚያንኳኳ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአንድሮይድ ዓለምም ተመሳሳይ ግዴታዎች አሉ፤ ነገር ግን በመድረክ ላይ በጭብጨባ ስለማይታወጁ ይበልጥ ያዘናጋሉ። ጎግል አንድሮይድ 15ንና ከዚያ በላይ ዒላማ አድርገው ለጎግል ፕሌይ የሚቀርቡ መተግበሪያዎች ባለ 16 ኪሎባይት የማስታወሻ ገጽ (ሥርዓቱ የስልኩን ራም የሚከፋፍልበትን ቁራጭ) እንዲደግፉ የጠየቀው ከኖቬምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ነው። ምክንያቱ የአዳዲስ ስልኮች ማስታወሻ እየሰፋ በመሄዱ ትልልቅ ገጾች ሥራውን ስለሚያፋጥኑ ነው። ሙሉ በሙሉ በኮትሊን ወይም በጃቫ የተጻፈ መተግበሪያ ላይ ለውጡ እምብዛም አይታይም፤ በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ቤተ መጻሕፍት (ተዘጋጅቶ የሚወሰድ የኮድ ስብስብ) የያዘ ግን እንደገና መጠናቀር (ኮምፓይል መደረግ) አለበት። እዚህ ላይ «እኛ በሲ አንጽፍም» የሚሉ ቡድኖች ይሳሳታሉ፤ ፍለተር በተባለው የጎግል መሥሪያ የተሠራ መተግበሪያ ሁሉ፣ እንዲሁም ከውጭ የተወሰዱ የካርታ፣ የቪዲዮ ወይም የዳታቤዝ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ኮድ በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ።

ተጣጣፊ ስልኮችና ታብሌቶችም በዚሁ ረድፍ ይገባሉ። መተግበሪያን በቁመት ብቻ እንዲከፈት ማሰር ለዓመታት የአበልጻጊዎች ማምለጫ ነበር። አንድሮይድ 16ን ዒላማ ያደረገ መተግበሪያ ግን አጭር ጎኑ 600 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) እና ከዚያ በላይ በሆነ ስክሪን ላይ ሲከፈት ሥርዓቱ ይህን እገዳ ችላ ይለዋል፤ ለጊዜው ማስቀረት የሚቻልበት መንገድ ቢኖርም መንገዱ ጊዜያዊ መሆኑ ተነግሯል። ስለዚህ አዲስ ተጣጣፊ ስልክ ሲታወጅ ቡድኑ መጠየቅ ያለበት ስለ ማጠፊያው ጥንካሬ አይደለም። ተጠቃሚው ግማሽ ቅጽ ሞልቶ ስልኩን ሲዘረጋ የጻፈው ይጠፋል ወይስ ይቆያል? ይህን ለማወቅ ተጣጣፊ ስልክ መግዛት አያስፈልግም፤ ተራ ስልክን ማዞር ወይም የአንድሮይድ ኢሙሌተርን (ስልክን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) የተጣጣፊ መሣሪያ ቅርጽ መክፈት ይበቃል።

የተነገረ፣ የተጻፈ፣ የተሞከረ

ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ይሰመር። በመጀመሪያው በመድረክ ላይ የተነገረው፣ በሁለተኛው በአበልጻጊዎች ሰነድ ላይ የተጻፈው፣ በሦስተኛው ቡድኑ ራሱ ኮድ ጽፎ የሞከረው ይስፈር። ውይይቱ ላይ ማንም ሰው «ይችላል» ሲል ከየትኛው ዓምድ እንደሚናገር ይጠየቅ። በእኔ እምነት ከመመሪያው ሁሉ አንድ ብቻ ይወሰድ ቢባል መወሰድ ያለበት ይህ ነው፤ የብዙ ወራት ሥራ የሚባክነው የመጀመሪያው ዓምድ እንደ ሦስተኛው ተቆጥሮ ነውና።

ዓይን ላይ የሚጠለቀው የአፕል ቪዥን ፕሮ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መሣሪያው ጁን 5 ቀን 2023 በ3,499 ዶላር ሲታወጅ ብዙ ካሜራዎችና ሴንሰሮች እንዳሉት፣ ተጠቃሚው የሚያይበትን አቅጣጫ በዓይኑ እንቅስቃሴ እንደሚለይ ተነገረ። ይህን የሰማ አበልጻጊ ተጠቃሚው ፊት ለፊቱ ያለውን ዕቃ በካሜራ አይቶ የሚለይ፣ ወይም ዓይን የትኛው ዕቃ ላይ እንደሚያርፍ እየመዘገበ ለነጋዴ የሚነግር መተግበሪያ ማሰቡ አይቀርም። ኤስዲኬው በዚያው ወር ሲወጣ ሰነዱ የሚለው ሌላ ሆኖ ተገኘ። መተግበሪያዎች የካሜራውን ምስል አያገኙም፤ ዓይን የሚያርፍበትን ቦታም ተጠቃሚው ጣቱን ቆንጥጦ እስኪመርጥ ድረስ አያውቁም። ለዋናው ካሜራ በር የተከፈተው በ2024 በወጣው የመሣሪያው ሥርዓት፣ በቪዥንኦኤስ 2፣ ሲሆን፣ እሱም ፈቃድ ለተሰጣቸው የድርጅት መተግበሪያዎች ብቻ ነው። አፕል ይህን ያደረገው ለተጠቃሚው ግላዊነት ነው፤ ውሳኔውም በእኔ አመለካከት ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ሰነዱን ሳያነብ ዕቅድ ላወጣ ቡድን የገደቡ ትክክለኛነት መጽናኛ አይሆነውም።

ሴፕቴምበር 2025 ሜታ በ799 ዶላር ያስተዋወቀው ባለ ማሳያ የሬይ ባን መነጽርም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በመድረክ ላይ ዓይንን የሳበው በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ትንሽ ማሳያና በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው መቆጣጠሪያ ነበር። በዚያው ጉባኤ ለአበልጻጊዎች የታወጀው መሣሪያ ኪት ግን በመጀመሪያ የሰጠው ወደ ካሜራው፣ ወደ ማይክሮፎኑና ወደ ድምፅ ማጉያው የሚያስገባ መንገድ ነው፤ ማሳያው አልተካተተበትም። እንዲህ ያለ ኪት በየጊዜው ስለሚሰፋ የሁለተኛው ዓምድ ጽሑፍ ቀን ይኑረው፤ በየወሩ ተከፍቶም ይታይ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረው ታሪክም አይዘነጋ። የመጀመሪያው አይፎን ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ሲታወጅ ለውጭ አበልጻጊ የተከፈተ በር አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ጁን በሳፋሪ የሚከፈት የድር መተግበሪያ ሥሩ ተባሉ። ኤስዲኬ እንደሚመጣ የተነገረው ኦክቶበር ላይ ነው፤ ማርች 2008 ወጣ፣ አፕ ስቶርም ጁላይ 10 ቀን 500 ያህል መተግበሪያዎችን ይዞ ተከፈተ። ዝግ የነበረ በር ሊከፈት እንደሚችል ይህ ይመሰክራል። ሆኖም በሩ ከመከፈቱ በፊት ደጃፍ ላይ ቆሞ ደመወዝ መክፈል የሚችል ትንሽ ቡድን የለም፤ የሚሻለው የድር ሥራውን እየሠሩ በሩን ማየት ነው።

ሰነዱ ሲነበብ ከየት ይጀመር ለሚለው፣ የአጠቃላይ መግለጫውን ትቶ መጀመሪያ «የታወቁ ችግሮች» የሚለውን የልቀት ማስታወሻ ክፍል፣ ቀጥሎ ልዩ ፈቃድ የሚጠይቁ አገልግሎቶችን ዝርዝር፣ በመጨረሻም የመተግበሪያ ግምገማ ደንቦችን መመልከት ጊዜ ይቆጥባል። ከበስተ ጀርባ መሥራት ይፈቀዳል ወይ? መሣሪያው ያለ ስልክ ብቻውን ይሠራል ወይ? ኮዱ የሚሮጠው የት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ አፕል ዎች ግን በእሱ ብዙዎችን ፈትኗል። ሰዓቱ አፕሪል 2015 ሲሸጥ የውጭ መተግበሪያዎች ኮድ የሚሮጠው በአይፎኑ ላይ ነበር፤ ሰዓቱ የሚያሳየው ውጤቱን ብቻ ስለሆነ ተጠቃሚው እጁን አንሥቶ መጠበቅ ነበረበት። ኮዱ በሰዓቱ ላይ መሮጥ የጀመረው ሴፕቴምበር ላይ በወጣው ዎችኦኤስ 2 ነው። ኖቬምበር 2014 የወጣውን የዎችኪት (የሰዓቱ መተግበሪያ መሥሪያ) ሰነድ በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ይህ መዘግየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማየት ይችል ነበር።

ስብሰባውን መምራት

በማስታወቂያው ምሽት ውሳኔ አይሰጥ። ሰነዱ እስኪወጣና ቢያንስ አንድ ሰው እስኪያነበው ድረስ ይጠበቅ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው አስተያየቱን ለብቻው በጽሑፍ ይዞ ይምጣ። በቃል ብቻ የሚጀመር ውይይት በቡድኑ ውስጥ ድምፁ ከፍ ያለው ወይም ደመወዙ ከፍ ያለው ሰው በተናገረው ያልቃል። ከተጠቃሚዎች ጋር በየቀኑ በስልክና በመልእክት የሚነጋገር ሰው ካለ ኮድ ባይጽፍም ይገኝ፤ ተጠቃሚው ስለ አዲሱ መሣሪያ ጠይቆ ያውቅ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።

በስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ወደ ሌላ አይታለፍ፦ የትኛው ተጠቃሚያችን፣ በምን ሰዓት፣ ስልኩን ከኪሱ ማውጣት ትቶ ይህን መሣሪያ ይጠቀማል? በ2017 ጎግል ማፕስ፣ አማዞንና ኢቤይ የአፕል ዎች መተግበሪያቸውን ሲያነሡ ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው መቆየቱ በወቅቱ በዜና ተነግሯል። በሰዓት ላይ ዕቃ መገበያየት የሚፈልግ ሰው ብዙ አልነበረም ማለት ነው። ጎግል ማፕስ በ2020 ወደ ሰዓቱ የተመለሰ ሲሆን፣ ለመንገደኛ «በሚቀጥለው መታጠፊያ ወደ ግራ» የሚል መልእክት በእጅ አንጓ ላይ ማየት በርግጥ ስልክ ከማውጣት ይቀላል።

ውሳኔው «አሁን እንሥራ»፣ «እንጠብቅ» ወይም «ይቅር» ከሚሉት አንዱ ይሁን። ከሦስቱ አደገኛው «እንጠብቅ» ነው፤ ምን እስኪሆን እንደሚጠበቅ ካልተጻፈ ሳይነገር «ይቅር» ይሆናል። «ኪቱ ማሳያውን ሲከፍት»፣ «ከተጠቃሚዎቻችን ከመቶ ሁለቱ መሣሪያውን ሲይዙ» ወይም «ሁለተኛው ትውልድ ሲታወጅ» የመሰለ ቁርጥ ያለ ሁኔታ ይቀመጥ፤ ሁኔታውን የሚከታተለው ሰው ስምም አብሮ ይጻፍ።

መሣሪያው እጅ ላይ ሳይኖር መሥራት

አብዛኛው አበልጻጊ አዲሱን መሣሪያ የሚነካው ከገዢው በኋላ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ቪዥን ፕሮም ሆነ ባለ ማሳያው የሜታ መነጽር መጀመሪያ የተሸጡት በአሜሪካ ብቻ ነው፣ ከዚያ የሚመጣ ዘመድ እስኪገኝ መጠበቅም የተለመደ ነው። በሲሙሌተር (መሣሪያውን በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም) ብቻ መሥራት ቤት በፎቶ አይቶ እንደ መከራየት ነው፤ የክፍሎቹን ብዛት ያሳያል፣ የውኃውን መቆራረጥ ግን አይነግርም። የስክሪን ስፋት፣ የጽሑፍ አቀማመጥና ከገጽ ወደ ገጽ የሚደረግ ጉዞ በሲሙሌተር በደንብ ይታያል። ሙቀት፣ የባትሪ ፍጆታ፣ የማስታወሻ እጥረት፣ የእጅ እንቅስቃሴን መከታተልና የሴንሰሮች ስሕተት ግን አይታዩም። የቪዥን ፕሮ ሲሙሌተር ራሱ የሚያሳየው የተዘጋጁ ክፍሎችን ነው፤ የተጠቃሚውን ትክክለኛ ክፍል መቃኘትም ሆነ እጆቹን መከታተል በእሱ አይሞከርም።

መፍትሔው በከፊል በኢንተርኔት ይገኛል። ሳምሰንግ ሪሞት ቴስት ላብ በሚባለው አገልግሎቱ ተጣጣፊዎቹን ጨምሮ እውነተኛ ስልኮቹን አበልጻጊዎች ከሩቅ ሆነው በነጻ እንዲሞክሩ ይፈቅዳል፤ የጎግል ፋየርቤዝ ቴስት ላብም በእውነተኛ ስልኮች ላይ ፈተና ያስኬዳል። ኢንተርኔቱ በሚቆራረጥበት ሰዓት ስልክን ከሩቅ መምራት ትዕግሥት ይፈትናል፤ በራሱ ጊዜ ሮጦ ውጤቱን የሚልክ የተጻፈ ፈተና ይመረጣል።

ኩባንያው መሣሪያ በውሰት የሚሰጥ ከሆነ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይነበብ። አፕል በ2020 ማክ ኮምፒውተሮችን ወደ ራሱ ቺፕ ሲያዛውር ለአበልጻጊዎች በ500 ዶላር የሰጠው የሽግግር ኪት በኤ12ዜድ ቺፕ የሚሠራ ማክ ሚኒ ነበር። ገንዘቡ የሽያጭ ሳይሆን የውሰት ስለነበር መሣሪያው መመለስ ነበረበት። በ2021 መጀመሪያ መልሱ ተብለው በምትኩ የ200 ዶላር ቅናሽ ሲቀርብላቸው አበልጻጊዎች አጉረመረሙ፤ አፕልም ወደ 500 ከፍ አደረገው። ኖቬምበር 2020 የወጡት ማኮች ኤም1 ቺፕ የያዙ ስለነበሩ በኪቱ ላይ የተለካ ፍጥነት ስለ እውነተኛው ምርት ብዙ አይናገርም። በውሰት መሣሪያ ላይ ኮዱ መሥራት አለመሥራቱ ይፈተን፤ የፍጥነት ልኬቱ ለሚሸጠው ምርት ይቆይ። ምስጢር ለመጠበቅ የተፈረመ ውል ካለ ደግሞ የተሞከረው ነገር ከቡድኑ ውጭ፣ በቴሌግራም ቡድን ውስጥም ቢሆን፣ አይወራ።

አዲሱን መሣሪያና የራስን ተጠቃሚ ማመዛዘን

የዓለም ገበያ አኃዝ ለአንድ የአማርኛ መተግበሪያ ባለቤት ብዙ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው የራሱ መተግበሪያ መዝገብ ነው፦ ስንት ተጠቃሚ በየትኛው የስልክ ሞዴል፣ በየትኛው የአንድሮይድ ስሪት፣ በምን ያህል ማስታወሻ ይገባል? የቴክኖ እናት ኩባንያ ትራንሽን በኢትዮጵያ ስልክ መገጣጠም ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በአገር ቤት ብዙው ሰው የያዘው ዋጋው ዝቅ ያለ አንድሮይድ ነው። ለእነዚህ ተጠቃሚዎች ትልቁ የሃርድዌር ዜና የታጠፈ ስክሪን ላይሆን ይችላል። ለአነስተኛ ስልኮች የተዘጋጀው አንድሮይድ ጎ በስሪት 13 ዝቅተኛውን ማስታወሻ ወደ 2 ጊጋባይት ከፍ ማድረጉ መተግበሪያቸውን ይበልጥ ይነካል፤ አሮጌው ባለ 1 ጊጋባይት ስልክ አዲሱን ሥርዓት ስለማያገኝ አበልጻጊው ሁለቱንም ለረጅም ጊዜ መደገፍ ይኖርበታል። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚሠራ ቡድን ደግሞ መዝገቡ ፈጽሞ ሌላ መልክ ሊያሳየው ይችላል፤ ስለዚህ በግምት አይኬድ።

የአማርኛ ጉዳይ ራሱን የቻለ ፈተና ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ በስልኮች ላይ መታየቱ እንደ ቀላል ነገር ተቆጥሯል፤ በአዲስ ዓይነት መሣሪያ ላይ ግን እንደገና መረጋገጥ አለበት። በሲሙሌተር ላይ «ኋላ»፣ «ቧንቧ»፣ «እሺ፤ ይቀጥላል።» የመሰሉ ቃላትና ሥርዓተ ነጥቦች ይጻፉ፤ ሳጥን ሳጥን ሆነው ከታዩ የፊደሉን ፎንት ከመተግበሪያው ጋር ይዞ መግባት ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ልክ የተቀደደ የመስመር ቁመት የአማርኛ ፊደልን አናት ወይም እግር ሊቆርጥ ይችላልና በትንሽ ስክሪን ላይ ይህ በተለይ ይታይ። ዘመን አቆጣጠሩ በአንድሮይድም በአይኦኤስም ሥርዓቱ ውስጥ ስላለ በእጅ ማስላት አይገባም። በሰዓት ላይ «3 ሰዓት» የሚል ማስታወሻ የሚልክ መተግበሪያ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሁን ወይም በፈረንጅ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ግልጽ ማድረግ አለበት፤ ዝርዝሩ ትንሽ ቢመስልም መድኃኒት ለሚያስታውስ መተግበሪያ ትንሽ አይደለም።

በድምፅ ብቻ የሚታዘዝ መሣሪያ ሲታወጅ ጥያቄው አንድ ነው፦ አማርኛ ይሰማል? ጎግል ኦገስት 2017 የድምፅ መጻፊያውን በአማርኛ ሲከፍት አንድ በር ተከፍቷል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አዲስ መሣሪያ በዚያ በር አይገባም። የአፕል የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት፣ አፕል ኢንተለጀንስ፣ ኦክቶበር 2024 ሥራ ሲጀምር በአሜሪካ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ ከሌለና መሣሪያው ቁልፍ ሰሌዳም ስክሪንም ከሌለው፣ ለአማርኛ ተጠቃሚዎች የሚደረገው ውይይት በአምስት ደቂቃ ሊያልቅ ይገባዋል።

አዲስ የመሣሪያ ዘር ሲመጣ

ቀድሞ መግባት ጥቅም አለው፤ አፕ ስቶር ሲከፈት ከነበሩት 500 መተግበሪያዎች አንዱ መሆን በኋላ ከመጡት ሚሊዮኖች አንዱ ከመሆን ይለያል። ሆኖም በዚያው ልክ የሚጠፉም አሉ። ኤችፒ ተችፓድ የተባለውን ታብሌት ጁላይ 1 ቀን 2011 መሸጥ ጀምሮ ኦገስት 18 ቀን ማቆሙን አስታወቀ፤ ለታብሌቱ ሥርዓት ለዌብኦኤስ መተግበሪያ የጻፉ ሰዎች ሥራ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ገበያ አጣ። ሂውሜን የተባለው ኩባንያ በ699 ዶላርና በወር 24 ዶላር ያቀረበው ደረት ላይ የሚለጠፍ ኤአይ ፒን አፕሪል 2024 ለገዢዎች ደረሰ፤ ፌብሩዋሪ 2025 ኤችፒ የኩባንያውን አብዛኛውን ንብረት በ116 ሚሊዮን ዶላር እንደሚገዛ ሲገለጽ፣ ፒኑ ከፌብሩዋሪ 28 ጀምሮ ከኩባንያው አገልጋይ (ሰርቨር) ጋር መገናኘቱን እንደሚያቆም ተነገረ። እዚህ ላይ ሃርድዌሩ አልተበላሸም፤ የተዘጋው አገልጋዩ ነው። ስለዚህ ያለ ኩባንያው አገልጋይ የማይሠራ መሣሪያ ሲታወጅ የኩባንያው የገቢ ምንጭና የጀርባው ጥንካሬ እንደ ቴክኒክ ጉዳይ ተቆጥሮ ይመርመር።

ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚያደርጉትም ይታይ፤ ባይቀዱትም ምልክት ነው። ቪዥን ፕሮ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2024 ሲሸጥ ኔትፍሊክስ፣ ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ለመሣሪያው መተግበሪያ አላቀረቡም፤ የአይፓድ መተግበሪያቸውም በእሱ ላይ እንዲከፈት አልፈቀዱም። ለትንሽ ቡድን ግን ይኸው የአይፓድ መንገድ ጥሩ አማካይ ነበር፤ አፕል ባለቤቱ ካልከለከለ በቀር የአይፓድ መተግበሪያዎችን በራሱ ወደ አዲሱ ሱቅ ያስገባ ስለነበር፣ ያለውን መተግበሪያ በሲሙሌተር ፈትሾ በዚያ መተው ከዜሮ ከመጀመር ይልቅ ወጪው እጅግ ያነሰ ነው።

ሽያጩ ሲጀምርና ከዚያ በኋላ

መሣሪያው ለገዢ በደረሰበት ሳምንት ትልቅ ማሻሻያ አይልቀቅ። መልቀቅ ግድ ከሆነ ጎግል ፕሌይ ላይ በመቶኛ እየከፈሉ፣ አፕ ስቶር ላይ ደግሞ በሰባት ቀን በሚዳረሰው ደረጃ በደረጃ ልቀት ይሁን። በየቀኑ የመተግበሪያው መቋረጥ መዝገብ በመሣሪያ ሞዴል ተለይቶ ይታይ፤ በአዲሱ ሞዴል ላይ ብቻ የሚታይ ችግር ካለ የጎግል ፕሌይ የአበልጻጊዎች መቆጣጠሪያ ገጽ (ፕሌይ ኮንሶል) ያንን ሞዴል ለጊዜው ከዝርዝሩ ማውጣት ያስችላል።

ለአዲሱ መሣሪያ ብቻ የተጻፈ ኮድ ከተቀረው ተለይቶ ራሱን በቻለ ክፍል ይቀመጥ፤ ያለ እሱም መተግበሪያው ሙሉ ሆኖ ይሥራ። ማክቡክ ፕሮ ላይ በ2016 የመጣው ተች ባር (በቁልፍ ሰሌዳው አናት ላይ ያለ ቀጭን የንክኪ ስክሪን) በ2021ዎቹ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ አልተገኘም፤ በ2015 ከአይፎን 6ኤስ ጋር የመጣው፣ ስክሪኑን በኃይል በመጫን የሚሠራው ስሪዲ ተችም በ2019 በአይፎን 11 ላይ ቀርቷል። አንድ ተግባር በኃይል በመጫን ብቻ እንዲገኝ ያደረጉ መተግበሪያዎች ለተግባሩ ሌላ መክፈቻ መፈለግ ነበረባቸው። በአይኦኤስ 13 የመጣውን የአውድ ምናሌ አገልግሎት የተጠቀሙት ግን ያው ኮድ በአሮጌው ስልክ በኃይል ሲጫን፣ በአዲሱ ደግሞ ጣት ሲቆይበት ስለሚከፈት፣ በዚያ ዓመት ለዚህ ጉዳይ ሲሉ አንድ መስመር መለወጥ አላስፈለጋቸውም።